ባንዱ ማንን ያያል?

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ያ ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የእማማ ጉልበት ደረጃ መውጣት ጀመረ? አባባስ መነጽር አደርጋለሁ ብሎ እሺ አለ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ይዞ እስከ መስኮቱ ድረስ ይሄዳል? እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፌም ምግቤም ደህና ነው፤ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ መከራከር ብቻ ናፍቆኛል።

«ሄደሽ አለቃን ይቅርታ ጠይቂና ወደ ባንዱ ተመለሺ፤ በዲግሪ ተመርቀሽ ገመድ ስትጠቀልዪ ሰው ምን ይላል» ያልሽው ደርሶኛል። አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ተበድላ ዝም የምትል ልጅ እማማ አልወለደችም። ደግነቱ ያን ዕለት አልጻፍኩልሽም፤ አሁን ከንዴት የተሻለ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

አንቺ የሰማሽው አለቃ፣ ዘፋኛችንም መሪያችንም የሆነው ሰው፣ ያወራውን ነው። አንድ ዘፈን አለን፤ መሐሉ ላይ ሁላችንም ቀጥ ብለን እናቆምና ትንሽ ጸጥ ብለን እኩል እንገባለን። በዚያ ትልቅ ኮንሰርት ላይ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ገባና ደረጃ ላይ የተለቀቀ የድስት ክምር መሰልን። በማግሥቱ አለቃ በሁሉም ፊት «ያበላሸችው ኪቦርድ የምትጫወተው ናት፤ ምት አትጠብቅም» ብሎ አባረረኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በየባንዱ ደረሰ፤ የሚቀጥረኝ ጠፋ። የልምምድ ስቱዲዮ ውስጥ ክፍል አዘጋጅ ሆኜ የገባሁት ለዚህ ነው።

ቤቱን ብታዪው ትወጂው ነበር። አንድ ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ግራና ቀኙ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከባድ በር አለው፤ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፣ ወለሉ ምንጣፍ ነው። ከበሮውና ድምፅ ማጉያው እዚያው ይኖራሉ፤ ሌላውን መሣሪያ ባንዶቹ ተሸክመው ይመጣሉ። እዚህ የሚመጣ ሰው ጊዜ ሊያሳልፍ አይደለም። ሠርግ፣ ሆቴል ወይም የመድረክ ጉዞ የሚጠብቀው፣ እንጀራው ይኸው የሆነ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ገመዱን ሳይጠላለፍ መጠቅለል፣ ትንፋሽ የጠጣውን ማይክሮፎን ማጽዳትና ክፍሉን ለተረኛው ማሰናዳት ነው።

በሮቹ ላይ ትንሽ ትንሽ መስታወት አለ። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ድርግም ይላል፤ የባስ ጊታሩ ወፍራም ድምፅ ብቻ በወለሉ ሥር መጥቶ እግርሽን ይነካሻል። እየዋለ እያደረ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እነዚህ ሰዎች እኩል የሚነሱት ማንን እያዩ ነው? እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚያወናጭፈውን መሪ ይሆናል ብዬ ነበር። እሱንማ ማንም አያየውም! ሠርግ ላይ የሚጫወተው ባንድ የሚያየው የትራምፔት ነፊውን ትከሻ ነው፤ ትንፋሽ ሲስብ ብድግ ይላል። ሆቴል የሚጫወቱ ሦስት ወንድማማቾች ደግሞ ተኳርፈዋል፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ነገር ግን ሁለቱ ታላላቆች የትንሹን ተረከዝ ሰርቀው ያያሉ። ለትንሹ ይህን ብነግረው ጫማውን አየና «እንግዲያው ላስቀባው ነዋ!» አለኝ። ለካ የሚታየው ሰው ራሱ አያውቀውም። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ በር ላይ ተለጥፌ ሲያገኙኝ «አንቺ ልጅ፣ የቀጠርኩሽ ገመድ እንድትጠቀልዪ ነው ወይስ በአፍንጫሽ መስታወት እንድትወለውዪ?» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት የእኛው ባንድ ክፍል ሦስትን ተከራይቶ መጣ። አለቃ እንዳላየ አለፈኝ። አፉን ስለማይከፍት «ዝምታው» የምንለው ከበሮ መቺያችን ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። በእኔ ቦታ የተተካው ልጅ አለቃ አጠገብ ቆሟል፤ እኔ እቆምበት በነበረው ጥግ የጊታር ሳጥን አስደግፈዋል። በመስታወቱ አየኋቸው። ያ ዘፈን ሲደርስ፣ ጸጥ ያሉበት ቦታ ላይ፣ ሁሉም አንገታቸውን አዙረው ሳጥኑን አዩት። እማማ ትሙት፣ ሳጥኑን! ሳጥኑ ምን ያድርጋቸው? ባሱ ብቻውን ቀድሞ እግሬን ነካው፤ ተበታተኑ።

ያኔ ገባኝ። በልምምድ ጊዜ ክብ ሠርተን ስለምንቆም ሁሉም ያየኝ ነበር። ከጸጥታው ልንወጣ ስንል አገጬን ቀና አደርግ ኖሯል፤ እኔም አላውቀውም። በኮንሰርቱ ዕለት ግን አለቃ «ለመብራቱ አይመችም» ብሎ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጀርባ አቆመኝ። ምቱን ያጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ናቸው እኔን ያጡኝ።

መገመት አልበቃኝም፤ በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ሳጥኑን አነሳሁ፣ ጥጌ ላይ ቆምኩና «እስቲ ከላይ ጀምሩት» አልኳቸው። አለቃ «ገመድሽን ይዘሽ ውጪልን» አለ። ዝምታው በስንት ጊዜ አንዴ የሚወጣውን ድምፁን አውጥቶ «ትቁም ባክህ፤ አትበላንም!» አለው። ጀመሩ። ጸጥታው ላይ አገጬን ቀና አደረግሁ፤ እንደ አንድ ሰው ገቡ። «ድገሙት» አልኩና አሁን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልክ እንደ ኮንሰርቱ ተበታተኑ።

አለቃ ጉሮሮውን ጠራርጎ «በቃ ተመለሺ፤ ያለፈውን እንርሳው» አለኝ። ልመለስ አላልኩህም፣ ያልከውን አንሳልኝ አልኩት። ለብቻችን እንነጋገር ብሎ ወደ መተላለፊያው ሊወስደኝ ሲል፣ እዚሁ፣ ስታባርረኝ ሁሉም ሰምቷል አልኩት። ዝምታው የከበሮ ዱላዎቹን መሬት አስቀመጠ። ሌሎቹም እጃቸውን ከመሣሪያቸው አነሱ። አለቃ ምንጣፉን እያየ «ያን ዕለት ያበላሸችው እሷ አይደለችም፤ የማናያት ቦታ ያቆምኳት እኔ ነኝ» አለ።

እታለም፣ አልተመለስኩም። እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ግን ሲጨንቃቸው ብቻ ለሚያዩኝ ሰዎች አልጫወትም። በማግሥቱ ዝምታው ዱላዎቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ሻጥ አድርጎ መጣና «ታዲያ እኔ ማንን ልይ?» አለኝ። ሴትዮዋ ክፍሎቹ ባዶ በሚሆኑበት ጠዋት እንድንለማመድ ፈቅደውልን ሁለታችን ጀምረናል። ባስ የሚጫወት ሰው እየፈለግን ነው፤ የሚመጣው ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ለማየት ቸኩያለሁ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን የሬዲዮኑን ድምፅ አስቀንሰሽ ሰላም በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ነከስ አድርጊልኝ። ለአክስታችን ግማሽ ሰላምታ ይበቃታል፤ የቀረውን «ድሮም ብያለሁ» ማለቷን ስትተው እልክላታለሁ። አባባን ግን ዝም ብለሽ ሰላም አትበዪው። «ያለ ጥፋት የሚባረር ሰው የለም» ብሎ ለጎረቤታችን መናገሩን ሰምቻለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ጠብቂና አለቃ ምንጣፉን እያየ ያለውን ቃል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከዚያ የአባባ ፊት ምን እንደመሰለ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከስቱዲዮው መተላለፊያ፣ ክፍል ሦስት በር ላይ
ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን