ስለ ዝናቡ ማውራት ለከለከለን ኮሚቴ

ለተከበሩ የቤት ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ለአቶ ኢስሞ ራንታላ
ኩኦፒዮ ከተማ

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት፣ ጆሮዎም ከጫጫታ ተጠብቆ እንዲሰነብቱልን ከልብ እየተመኘሁ፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ። «በደረጃና በሳውና መታጠቢያ ውስጥ፣ ለመረጃ ካልሆነ በቀር፣ አላስፈላጊ ንግግር ክልክል ነው» የሚለውን ሳነብ እኔም በለፍላፊነት መጠርጠሬ አኮራኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤት ደረጃው ላይ ካለ፣ ካፖርቴን እንደለበስሁ በበሩ ቀዳዳ እያጮለቅሁ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልሁ አርጅቻለሁ።

ሆኖም በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች አሉኝ፤

፩. ከሦስተኛ ፎቋ ከወይዘሮ ሲርካ ብቻ አልደበቅም ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየጠዋቱ «ይዘንባል» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ይዘንባል እንጂ» ይሉኛል። ሁለታችንም ጃንጥላ ይዘን ስለምንቆም፣ በማስታወቂያዎ መሠረት ይህ መረጃ አይደለም። እኔ ግን «እንዴት አደሩ፣ ዛሬም አለሁ» ማለቴ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አንደበት አልታደልሁም።

፪. ከማስታወቂያዎ በኋላ፣ ሕግ አክባሪዎች ነንና፣ ጫማችንን እያየን መተላለፍ ጀመርን። ወይዘሮዋ «እዚህ የሚያናግረኝ የለም» ብለው ቱርኩ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ መሆኑን ከፖስተኛው ሰማሁ።

፫. ስለዚህ ሕጉን ሳልጥስ የምናገረው አስፈላጊ መረጃ ብፈልግ፣ ያለኝ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትናንት ጠዋት ማስታወቂያዎ ሥር አስቆምኋቸውና፣ እንደ ምልምል ወታደር ተገትሬ፣ «መረጃ አለኝ፤ እወድዎታለሁ፤ አይሂዱ» አልሁ። ኮፍያዬን ገልብጬ እንዳደረግሁ ያወቅሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እንደ እኔ ያለውን ፈሪ እንዲህ ላደፋፈረው ጥበብዎ እጅ እየነሣሁ፣

በማኅበሩ ዘንድ ከሁሉ የሚያንሰው ነዋሪ፣
ታውኖ ሄይኮላ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ሲርካ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምኑ መረጃ ነው? ድሮም አውቀው የለ እንዴ!» ብለውኛል፤ ወደ ቱርኩ መሄዱም ቀርቷል። የተናገርሁት አላስፈላጊ ንግግር መሆኑ በምስክር ተረጋግጧልና ቅጣቴን በጸጋ እቀበላለሁ። ሊቀጡኝ ሲመጡ ደረጃው ላይ ሁለታችንን ካገኙን ግን አደራዎን፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» እንዳይሉን፤ እሱም መረጃ አይደለም።