በላዩ ቀባው

እህት ዓለም፣ አንቺም እማዬም እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

አሮጊቷ መርከባችን ዛሬም ሽርሽረኛ አላጣችም። "አዲሶቹ ለዛ የላቸውም" እያሉ ይመለሱባታል። እኔም ዝገቷን እየፋቅሁ እቀባታለሁ። ሰሞኑን አለቃዬ "መፋቁን ተወው፣ በላዩ ቀባው" አለኝ። "አሁንስ ከብረቱ ይልቅ ቀለሙ ሳይወፍር አይቀርም" ስለው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ባልዲ ቀለም አቀበለኝ።

መኝታዬን ከታች አውጥቼ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ነፋሱ ተስማምቶኛል። ለብርዱ ብዬ ጫማዬንም አውልቄ አልተኛም።

ለቤተሰብ በሚሰጠው ነፃ ትኬት እማዬን አሳፍራት ያልሽኝን አልረሳሁም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ብትሆንም ማዕበል ያዞራታል። ወደቡ ድረስ ብቻ አምጫት፤ እኔው ወርጄ እስማታለሁ። መርከቧ እንዴት ናት ካለችሽ፣ ነጭ ናት፣ ታምራለች በያት።

ፈጣሪ በደረቅ መሬት ያገናኘን።

ወንድምሽ፣ ቀለም ቀቢው