ሰማያዊው ትራፊ ጨርቅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ተወህ? ባለቤትህና ያቺ በፎቶ ብቻ የማውቃት ጉደኛ ልጅህስ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼ የት እደርሳለሁ? እኔና እማዬ ደህና ነን። የአባባ እግር ግን ብሶበታል።

ቁስሉ ከቁርጭምጭሚታቸው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሐኪሙ በየሳምንቱ ካልታጠበ እግራቸው መቆረጡ አይቀርም ብሏል። ክሊኒኩ ደግሞ፣ ታውቀው የለ፣ ከድልድዩ ማዶ ነው።

ካፒቴን የነበርክበት ያ የኳስ ቡድንህ እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ጠረጠረ? አባባ ከሰው መጋረጃ በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ማልያ ሰፍተውላችሁ ከማዶ ልጆች ጋር ስትጫወቱ ትዝ ይለኛል። አንተ ከሄድክ በኋላ በአንዱ ጨዋታ ድንጋይ ተወራወሩና የማዶው በረኛ ዐይኑን አጣ። ከዚያ ኳሱ ቀረ፣ ጠቡ ቀጠለ። ዛሬ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለው የ«ካፒቴን ልጆች» ግዛት ነው፤ ባለሱቁም ጫማ ሰፊውም ይገብራል። ሰማያዊ ለብሶ ድልድዩን የሚሻገር የለም። አንዳቸውም አንተን በዐይናቸው አላዩህም፤ መልክህን ግን በየግንቡ ስለውታል። አፍንጫህን አሳምረውልሃል፣ እሱስ ደግ አደረጉ።

ለአባባ ያላቸው አክብሮት ይገርምሃል። ባለፈው ማክሰኞ አራት ሆነው ከነወንበራቸው ተሸከሟቸው፤ ሌላው ጃንጥላ ያዘላቸው። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው አስቀመጧቸውና ቆሙ። ከዚያ ወዲያ እኔ ደግፌያቸው ሄድን። መሐል ላይ የማዶዎቹ ጠበቁን። «የካፒቴን አባት አያልፍም» አሉ። አባባ «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ» ቢሏቸው ወይ ፍንክች! ተመለስን። ዙሪያ መንገዱም በእነሱው እጅ ነው። ባለታክሲዎቹ ሰፈራችንን ስንጠራላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ፖሊስ ጣቢያ ባመለክት «ታረቁ» አሉኝ፤ እኔ ከማን ተጣልቼ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በስልክ «በቃ፣ ይታረቁ በያቸው» ያልከኝን ለእኛዎቹ ነገርኩ። «ጥርሱ» የሚሉት አለቃቸው ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ካፒቴን እንዲህ አይልም» አለኝ። ድምፅህን ባሰማው ደግሞ «አስገድደውት ነው» አለ። ከአንድ ማህፀን የወጣሁት እኔ፣ አንተን የሚያውቅህ እሱ! እልህ ይዞኝ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እማዬ «ይምጣና ይገላግለን» ትላለች። እኔ ግን አትምጣ እልሃለሁ። ከመጣህ እንደ አባባ ወንበር ይሸከሙሃል፤ አንተን ግን አያወርዱህም። ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል፣ ወንድሜ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬን በጣም ናፍቀሃታል፤ ሹራብህን ደርብ ብላለች። አክስታችንም ሰላም ትልሃለች።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህን ስጽፍልህ ከስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። የራሳቸውን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥረው እየቀመቀሙት ነው። «ምነው አባባ?» ብላቸው፣ «ፔዳሉን የምረግጥበት እግር ሳለኝ ልጨርሰው ብዬ ነው» አሉኝ።

እህትህ

ከድልድዩ ወዲህ
ጥቅምት ፲፱ ቀን