የአርፋጁ አስተያየት

ጥቅምት 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጢጢ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው፤ ከተነሣች እስክትተኛ ወሬዋ አንቺ ነሽ። ማተሚያ ቤቱም እንዳለ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ሥራ ተደራርቦብን ሰሞኑን ከጥረዛ ክፍሉ ቀና ያልኩበት ጊዜ የለም። ልብሴ ሁሉ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ እናትሽ «ግድግዳ ላይ ብለጥፍህ አትወድቅም» እያለች ትስቅብኛለች።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ይሄ ምን አመጣው ትይኛለሽ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እናትሽም አጠገቤ ነበረች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አንቺም እንደ ልማድሽ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።

አንቺ ሥዕል ልትማሪ ውጭ አገር የሄድሽ ሰሞን ቤቱ ጭር አለብን። ትደውያለሽ፤ «ሰላም ነህ አባዬ?» ትያለሽ። «ሰላም ነኝ፤ በላሽ?» እላለሁ። «በላሁ።» አለቀ። ከዚያ እናትሽ ስልኩን ትነጥቀኛለች። የአባትና የልጅ ጨዋታ በላሽ አልበላሽም ብቻ ሆኖ ቀረ። እኔን ደግሞ ከዚያ በላይ ማውራት አማረኝ። ያን ጊዜ ነው በርሽን ዘግተሽ ታዪው የነበረው አኒሜ፣ ያ የጃፓኖች የካርቱን ፊልም፣ ትዝ ያለኝ። ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች፣ አንዱ እየሣለ አንዱ እየጻፈ ማንጋ የሚሉትን የሥዕል ታሪክ ይሠሩና ለሳምንታዊ መጽሔት ይልካሉ፤ መጽሔቱ ይመልስባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እንደገና ይሠራሉ። «እስቲ ልየው፤ ቢያንስ ስለሱ እናወራለን» አልኩ።

ሽፋን የምትሠራውን ዲዛይነራችንን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ሳቂታዋ። እሷ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በምሳ ሰዓት የወረቀት ክምር ላይ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ «የነዚህ ልጆች ዓይን ሲኒ የሚያህለው ምን ሆነው ነው?» እያልኩ አሥቃት ነበር። እየቆየሁ ግን ተያዝኩ። የልጆቹ ሥራ ተመልሶ ሲመጣ ምሳዬ አልወርድ ይለኝ ጀመር። ዲዛይነሯ ይህን አይታ «ጋሼ፣ ስልክ ላይ የአድናቂዎቹ ቡድን አለ፤ ግባና የሆድህን ተናገር» አለችኝና አስገባችኝ። ስም ምረጥ ሲለኝ «አርፋጁ» አልኩ፤ ሁሉም አይቶ ከጨረሰው በኋላ ነው የመጣሁትና። ላንቺ ያልነገርኩሽ፣ ሁሉንም አይቼ ስጨርስ አንድ ቀን ድንገት ላስደንቅሽ አስቤ ነው።

አዎ፣ ሚጢጢ። አርፋጁ እኔ ነኝ።

እባክሽ ደብዳቤውን አታስቀምጪው። ማንበብሽን ቀጥዪ።

የዚያን ቡድን ክርክር አንቺም ታውቂዋለሽ። አንዱ «ጸሐፊው ባይኖር ሠዓሊው ምን ሊሥል ነበር?» ይላል፣ ሌላው «ሥዕሉ ባይኖር ማን ያነበው ነበር?» ብሎ ይነሣበታል። የፍቅሩ ክፍል እንቅልፍ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ያለሱ አላይም የሚሉ አሉ። «ዳኛው» የሚባለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል ነጥብ እየሰጠ ሁሉንም ይጥላል፤ ትምህርት ቤት ሳለ የጣሉትን መምህራን የሚበቀል ነው የሚመስለው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ አነባለሁ። አንድ ቀን ግን ስለ ሠዓሊው ልጅ አባት ተነሣ። አባትየው ክፉ አይናገር፣ ደግ አይናገር፣ ዝም ብሎ የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። ሁሉም ተነሣበት። «ደንታ ቢስ!» «ልጁን ይጠላዋል!» «እንደሱ ያለ አባት ከሚኖር ቢቀር!» አላስቻለኝም። «ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የክፍሉ አምፖል ተቀይሮ ነበር። ማን የቀየረው ይመስላችኋል?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ እንደ ዝናብ ወረደብኝ፤ ስንቱ ተመልሶ ሄዶ ያን ክፍል እንዳየው፣ ስንቱ እንዳለቀሰ።

በዚያ ሳምንት ነው «ነጭ ገጽ» የምትባል ልጅ ለብቻዬ የጻፈችልኝ። «ጋሼ አርፋጁ፣ ያ አምፖል አስለቀሰኝ። ልጅ አለዎት?» ብላ። «አለችኝ፤ ሩቅ ናት» አልኳት። «ታድላ!» አለችኝ።

ታድላ። ያን ቃል ይዤ ስንት ቀን በደስታ እንደሠራሁ ብታውቂ።

ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን። ስለ ሥዕል ትነግረኛለች፤ እኔ ስለ ታሪኩ የመሰለኝን እላለሁ። ጨዋ ናት፣ ትሰማለች፣ ቀልድ ታውቃለች። ልጄ እንዲህ ብታዋራኝ እያልኩ እመኝ ነበር። አንድ ቀን ተከፋችና ስለ አባቷ አጫወተችኝ። ልጅ ሳለች የሣለቻቸውን ገጾች አባቷ ምድጃ ውስጥ እንደከተተ፣ አመድ እስኪሆኑ ቆሞ እንዳየ፣ እሷ እግሩ ሥር እንዳለቀሰች። አንጀቴን በላችው። የጥረዛውን መርፌ አስቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለው አባት የሚባል ስም አይገባውም። ያቃጠለ እጁ አይባረክ» ብዬ ጻፍኩላት።

በገዛ አፌ፣ በገዛ እጄ ላይ። አንቺም «አሜን» አልሽ።

አላወቅሁም ነበር። በምን ልወቅ? የእኔ ልጅ ገጿን አባቷ አላቃጠለባትም።

ብዙም ሳይቆይ ደወልሽ። «አባዬ፣ የወጥ ቤታችንን ፎቶ ትልክልኛለህ? ለአንድ ሥራ ነው። ምድጃውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ መስኮቱን። ደግሞ እጅህን፣ ከቅርብ።» ደስታዬን ምን ልበልሽ! ከሥራ መጥቼ ምድጃውን በሽቦ ፈተግኩት። እናትሽ «ሚኒስትር ሊመጣ ነው?» አለችኝ። «ልጄ ቤቷን ልትሥል ነው» አልኳት። እጄን ዲዛይነሯ አነሣችልኝ፤ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ «ጋሼ አትንቀጥቀጥ» እያለች። ናፍቀንሽ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ እያለሁ ዲዛይነሯ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ያቺ ወዳጅህ ነጭ ገጽ ትልቅ የማንጋ ውድድር አንደኛ ወጥታ አሸነፈች! ሥራዋን ወደ ቋንቋችን መልሳ ቡድኑ ላይ ለቀቀችው!» ደስ ብሎኝ የያዝኩትን መጽሐፍ ጣልኩት። ትከሻ ለትከሻ ሆነን ከፈትነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወጥ ቤቴ ነበር። አልገጥም የሚለው የቁም ሣጥኑ በር፣ እኔ አጥፌ የሸጎጥኩበት ካርቶን ሳይቀር። የተሰነጠቀው መስኮት። የፈተግኩት ምድጃ። ሁለተኛው ላይ እጄ። የቃጠሎው ጠባሳ ከአውራ ጣቴ ሥር ተነሥቶ እስከ አንጓዬ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጁ ገጾች ጨምድዶ ወደ እሳት ይከታል። ከላይ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል።

ነጭ ገጽ አንቺ መሆንሽን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ዲዛይነሯም እጄን ያነሣችው ራሷ ናትና ወዲያው ዐወቀች። ስክሪኑን አየች፤ እጄን አየች። ስንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርተናል፤ ያን ቀን ግን እጄን ፈርታ አየችው። «ጋሼ... እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሚጢጢ፣ ከሁሉም የጎዳኝ እሱ ነው። ጥያቄው ሳይሆን መልስ መስጠት ያለብኝ ሰው መሆኔ።

ያን ቀን የሆነውን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። እናትሽ ገበያ ሄዳ ነበር። ገጾችሽን የላክሽለት የልጆች መጽሔት ሥራሽን መልሶብሽ ቀኑን ሙሉ አኩርፈሽ ዋልሽ። ከሥራ ስገባ ጭስ ሸተተኝ። ገጾችሽን አንድ በአንድ ምድጃው ውስጥ እየከተትሽ አገኘሁሽ። እጄን እሳቱ ውስጥ ሰደድኩ። «ተወው አባዬ፣ ይቃጠል!» እያልሽ እጅጌዬን ትጎትቺ ነበር። የተረፉትን አወጣሁ። የከሰለ ጠርዛቸውን ከርክሜ ጠረዝኩልሽ። ለእናትሽ ደግሞ «የሙጫው ድስት አቃጠለኝ» አልኳት፤ ሐዘንሽ ላይ ቁጣ እንዳትጨምርብሽ። እስከ ዛሬም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ይህን ስነግራት ዲዛይነሯ ደሟ ፈላ። «አሁኑኑ እንጻፍ! የጠረዝከውን ፎቶ አንሥተን እንልቀቀው! ትፈር!» አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩባት። «ልጄ ናት» አልኳት። «ታዲያ ልጅህ አይደለች እንዴ እንዲህ የሠራችህ?» አለችኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የለ?

ቡድኑ ውስጥ ግን አላመለጥኩም። ሁሉም አባትየውን ይረግማል። «እጁ ይቆረጥ» ያለ አለ። ዳኛው እንኳ ሙሉ ነጥብ ሰጠ። ከዚያ አንዱ «አርፋጁስ ምን ይላል? ስለ አባት እሱ ያውቃል» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። አንቺም «የጋሼን አስተያየት ነው የምጠብቀው» ብለሽ ጻፍሽ። ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጽፌ እያጠፋሁ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ይህን ላክሁ፤ «ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ እጅሽን ይባርከው። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። የአባትየው ፊት የለም፤ ከጀርባው ብቻ ነው የሣልሽው። ዞሮ ቢያየን ኖሮ ምን ይል ነበር?»

መልስሽን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ጥሩ አባት ስለሆኑ መጥፎ አባት አይገባዎትም።»

ያን አንብቤ ከቡድኑ ወጣሁ። ዲዛይነሯ እንደነገረችኝ «አርፋጁን ያያችሁ፣ ታሞ ይሆን?» እያልሽ ስትጠይቂ ሰንብተሻል። ከትናንት ወዲያ ለእኔው ደውለሽ በላሽ አልበላሽም ተባብለን ዘጋን። ለማታውቂው ሰው ተጨንቀሽ ለእኔ «ደህና ነህ?» ለማለት ቸኮልሽ። በራሴ ቀናሁ ብል ታምኚኛለሽ?

እንግዲህ የምልሽን ስሚኝ። አትሣዪ አልልሽም። ልብ ወለድ ነው ብለሽ ሰው ገዳይ አድርገሽ ብትሥይኝ ስቄ፣ ሽፋኑን ራሴ ጠርዤ፣ ሰው ሁሉ እዩልኝ እል ነበር። አንቺ ግን «እውነተኛ ታሪክ» ብለሽ ጻፍሽበት። የሰው እንባ ዋጋ እንዳለው ዐይተሽ የእኔን እጅ ሸጥሽበት። ለምን? የራስሽን ሥራ ያቃጠልሽው አንቺ መሆንሽ አፈረሽ? ወይስ ክፉ አባት የሌለው ሰው ታሪክ የለውም አሉሽ? ብዙ አሰብኩበት፤ አላገኘሁትም። ምናልባት ደጋግመሽ ስታወሪው አንቺም አመንሽው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ በልብሽ ውስጥ እውነተኛው እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው።

እናትሽ ይህን ሁሉ አታውቅም። ማሸነፍሽን ከነገርሻት ወዲህ ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር ነው የምትውለው። የታተመውን እልክልሻለሁ ብለሻታል፤ እሷም መደርደሪያው ላይ ቦታ አዘጋጅታለች። «ስለ ምንድን ነው ታሪኩ?» ስትለኝ «ስለ ቤታችን» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ አፌን ግን መረረኝ። መጽሐፉ ሲደርስ እጁን ታየዋለች። ጠባሳውን ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ወይ እኔ የሙጫ ድስት ብዬ ዋሽቻት ልጇን ስበድል ኖሬያለሁ፣ ወይ ልጇ ዋሽታለች። ከሁለታችን አንዱን ታጣለች። ስላንቺ አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ ሁለተኛ አቅም የለኝም። ስለዚህ መጽሐፉ ከመድረሱ በፊት አንቺው ደውለሽ ንገሪያት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። እኔን ይቅርታ በስልክ እንዳትጠይቂኝ፤ ስልክ ላይ ቶሎ ይቅር እላለሁ፣ ያ ደግሞ ለሁለታችንም አይበጀንም። ስትመጪ፣ ፊቴን እያየሽ።

ነጭ ገጽ ከአርፋጁ ጋር የተጫወተችውን እኔ ማንም ፊት አላነሣውም። እውነት እልሻለሁ፣ ያቺን ልጅ ወድጃት ነበር።

በይ እንግዲህ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። የእጅሽ ሥራ ይባረክ፤ ስመርቅ ሳልቆጥብ ነው የምመርቅሽ። ክፉ አይይሽ፤ ያመንሽው አይክዳሽ፤ ይህን የምልሽ ምን እንደሚመስል ስላወቅሁት ነው። ብርድ ሲሆን አንገትሽን ሸፍኚ፤ ያ ሳልሽ እንዳይመለስብሽ።

አሁን እናትሽ በሩን ከፍታ ገባች። «ለማን ነው እንዲህ የምትጽፈው?» አለችኝ። «ለልጃችን» አልኳት። ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት። «እንኳን ደስ አለሽ በልልኝ» አለች፣ «በጣም ኮርቻለሁ በልልኝ።»

ብዬሻለሁ።

አባትሽ