የሦስተኛው ምሰሶ ብረት

ወንድም ጋሼ ኤቫሪስቶ፣ የሳንቲያጎ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔማ ምን እሆናለሁ፣ አንበሳ ነኝ!

መርከብ ገጭቶ የጣለውን ድልድያችንን ውኃ ውስጥ እየጠለቅኩ፣ እየቆራረጥኩ ከማግዳሌና ወንዝ የማወጣው እኔ ነኝ። አለቃዬ ኡሊሴስ «አንተ ጉረኛ፣ ብረቱ ራሱ ይፈራሃል» ይለኛል።

ሦስተኛው ምሰሶ ትዝ ይልሃል? አባባ ታንኳውን እዚያ አስሮ ሲያጠምድ፣ እኛ ከላይ እየዘለልን ስንንቦጫረቅ፣ «ዓሣዬን አባረራችሁብኝ፣ እናንተ ዝንጀሮዎች!» ሲለን? መርከቡ የገጨው እሱን ምሰሶ ነው፤ ማለዳ፣ አባባ መረቡን በሚያነሳበት ሰዓት። እሱም ታንኳውም እስካሁን አልተገኙም።

እማማ እስከ ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ነው የምትቋጥርልኝ። «አባትህ ሙዝ ጥብሱ ሲቀዘቅዝ አይወድም» ትለኛለች።

ዛሬ ኡሊሴስ «ነገ ሦስተኛው ጋ ትገባለህ» አለኝ። እኔ፣ ማንንም የማልፈራው ሰውዬ፣ «ሌላ ሰው ይግባ» አልኩት። አልቀለደብኝም፤ ቆቡን አወለቀ።

እስክትመጣ ጉንጭህን በሩቁ የሚስምህ፣
ታናሽህ ኤልኪን