አምስት ለአራት

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ዛሬም ወደቅኩ። በግራ ዳሌዬ፣ ያው ባለፈው የበለዘው ቦታ ላይ።

አጣማሪዬ ዛካር በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ይወረውረኛል፣ አየር ላይ ሦስቴ እዞራለሁ፣ በአንድ እግሬ አርፋለሁ። መዞሩስ ይሁን... ማረፉ ላይ ነው ነገሩ።

"የድንች ጆንያ ትመስያለሽ" አለኝ እያነሳኝ።

"ጆንያውን የወረወረው ማን ሆነና?"

አሰልጣኛችን ኔሊ አርካድየቭና ከዳር ሆነው ጮኹ፤ "ወሬውን ተዉና ድገሙ! ኪየቭ ላይ ለወሬ ነጥብ አይሰጥም!"

ደገምን። አዳራሹ ማሞቂያ የለውም፤ ስንነጋገር ትንፋሻችን ይጨሳል።

ቤት ስገባ እናቴ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ቦርሽ፣ እያሞቀች ነበር። ቀኑን ሙሉ ትራም ስትነዳ ውላ እግሯ አብጧል። ስቀመጥ ፊቴ ሲጨማደድ አየችኝ።

"ሃያ አራት ዓመትሽ ነው፣ ኪራ። በረዶ ላይ መውደቅም ሥራ ሆነ?"

ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

የዛካር ትከሻ። ሐኪሙ "ከዚህ ክረምት በኋላ ሰው ማንሳት የለም" ብሎታል። ለኔሊ አርካድየቭና አልነገራቸውም። ለእኔ ብቻ።

ዘጠኝ ዓመት አብረን በረዶ ላይ ነን። እሱ ሠላሳ ሞላው። ለአውሮፓ ሻምፒዮና ከአገራችን የሚሄደው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ የኪየቩን ውድድር ያሸነፈ። ዘንድሮ ካልሄድን... አበቃ።

"እንዳታለቅሺ" አለኝ።

"ማን አለቀሰ?"

"አፍንጫሽ ቀልቷል።"

"ብርድ ነው።"

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14። ኪየቭ

ከየት ልጀምር?

ንጹህ ነበርን። አንድም ስህተት የለ። ውርወራው ላይ ሳርፍ እኔ ራሴ አላመንኩም፤ የሰዉ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠው። መጨረሻ ላይ ዛካር በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንስቶኝ በረዶውን ዞረ። ትከሻው ሲንቋቋ ሰማሁት... አላወረደኝም። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ።

ከእኛ ቀጥሎ ስኔዣናና ኢሊያ። የኪየቭ ልጆች ናቸው፣ ገና ለጋ። ስኔዣና ውርወራው ላይ ተዘረጋች። ትንሽ ቆይቶ ኢሊያ ከዝላይ ሲያርፍ በሁለት እጁ በረዶውን ያዘ። ኔሊ አርካድየቭና ክንዴን ጨምቀው "የእኛ ነው፣ የእኛ ነው" ይላሉ።

ነጥቡ ወጣ። ዳኞቹ ዘጠኝ ናቸው። አራቱ እኛን አንደኛ አሉ። አምስቱ እነሱን።

አምስት ለአራት።

አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ፣ ቁጥሩን በደንብ ያላነበበ ይመስል። ከዚያ ፉጨት። አንዱ ከላይ መንደሪን ወረወረ። ሌላውም። ለአዲስ ዓመት የገዙትን መንደሪን! ወደ በረዶው፣ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ... ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት መንደሪኑን መልቀም ነበረባቸው። ስኔዣና ላይኛው ደረጃ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

እኔስ? የብር ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ ፈገግ አልኩ። አመሰገንኩም። ለምን? ምን ነካኝ?

እሑድ፣ ዲሴምበር 15። ባቡር ላይ

ዛካር ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። እንዳልተኛ አውቃለሁ።

ኔሊ አርካድየቭና አቤቱታ ጽፈዋል። "ዳኛ የሰጠውን ነጥብ ማንም አይለውጥም፣ ደንቡ እንደዛ ነው። ቢሆንም ዝም ብለው ዋጡት እንዳይሉን" አሉና ብዕሩን ሰጡኝ። ፈረምኩ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

ከስኬቲንግ ፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች አንዱ፣ ቫለንቲን ኦሲፖቪች፣ እኛ ከተማ ካርኪቭ ድረስ መጡ። ዛካርን አልፈለጉም፣ ኔሊ አርካድየቭናን አልፈለጉም። እኔን ብቻ። ኬክ ቤት ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። ዛካር ግን አልቆለታል። ትከሻውን የማናውቅ መሰለሽ?"

ዝም።

"ስምሽን ከአቤቱታው ላይ አውጪ። በሚቀጥለው ዓመት ኪየቭ ትመጫለሽ። ወጣት አጣማሪ፣ ማሞቂያ ያለው አዳራሽ... ምን ጎደለሽ?"

አፌ ራሱ ተከፈተ።

"ስኔዣና ወድቃለች።"

"ምን አልሽ?"

"ወድቃለች። እኔ አልወደቅኩም።"

"ስፖርት እኮ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጄ።"

"ቀላል ነው እንጂ። አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይቆማል።"

ሳቁ። "ሂጂና አስቢበት።"

"አስቤ ጨርሻለሁ። አጣማሪ አለኝ።"

ተነስቼ ወጣሁ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? እኔ? ኬኩን ግን ሳልቀምሰው... የቼሪ ነበር። እሱ ብቻ ይቆጨኛል።

ለዛካር ስነግረው "ሞኝ ነሽ" አለኝ። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ይላል።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 21

ጉድ ነው ዛሬ! ከአምስቱ ዳኞች አንዷ፣ ሊዲያ ስቴፓኖቭና፣ ለጋዜጣ ተናገሩ። "ከውድድሩ በፊት 'ወጣቶቹን እናውጣ፣ የካርኪቮቹ ጊዜ አልፏል' ተባልን። እሺ አልኩ" ብለዋል። ጋዜጠኛው ታዲያ አሁን ለምን ተናገሩ ቢላቸው፦ "አንዱ መንደሪን ጀርባዬን መታኝ። የሚገባኝ ነበር።"

እናቴ ጋዜጣውን ትራሟ ውስጥ፣ ሹፌር ክፍሏ መስኮት ላይ ለጥፋዋለች። ለእኔ ግን ምንም አላለችኝም። የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ፌዴሬሽኑ መልስ ሰጠ። ነጥቡ አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱም ጥንዶች ከተስማሙ ውድድሩ ይደገማል፣ ዳኞቹም ከውጭ ይመጣሉ።

"ሁለቱም ከተስማሙ!" አሉ ኔሊ አርካድየቭና። "ወርቁን አንገቱ ላይ አድርጎ ማን እንደገና ልወዳደር ይላል? መሳለቃቸው ነው።"

ማምሻውን ስልክ ተደወለ።

"ኪራ? ስኔዣና ነኝ።"

በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ።

"አሰልጣኛችን እምቢ በሉ ይሉናል" አለች።

"አንቺስ?"

"ትናንት ገበያ ሄጄ ነበር። መንደሪን የምትሸጠው ሴትዮ አወቀችኝ። 'ለአንቺማ አልሸጥም፣ የበረዶውን ልቀሚ' አለችኝ።"

ልሳቅ ወይስ ልዘን? ከንፈሬን ነከስኩ።

"እንወዳደራለን" አለች። "የምወዳደረው ግን ልለቅልሽ አይደለም። ላሸንፍሽ ነው።"

"ሞክሪ" አልኳት።

ወደድኳት መሰለኝ። ምን ዓይነት ነገር ነው?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 4። ኪየቭ

ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። ዘጠኝ የውጭ ዳኞች። የማንንም አክስትና አጎት የማያውቁ።

መጀመሪያ እነ ስኔዣና። አልወደቀችም! እንደዛሬ ሠርታ አታውቅም። ኢሊያም ቆመ። አዳራሹ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ኔሊ አርካድየቭና በክርናቸው ጎሰሙኝና "አንቺ የማን ነሽ?" አሉኝ።

ከዚያ እኛ። የዛካር ትከሻ ከአንገቱ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠፍሯል።

"ማንሳቱን ቀለል እናድርገው" አልኩት። "በሁለት እጅህ..."

"ኪራ።"

"ምን?"

"እላይ ስትደርሺ ደስ ብሎሽ እዪው። እኔ ከታች አለሁ።"

ሙዚቃው ተነሳ። ውርወራው... እንዴት ልጻፈው? አየር ላይ ሆኜ እንደማርፍ አወቅኩ። ገና ስዞር አወቅኩ! እግሬ በረዶውን ነክቶ ሲንሸራተት አዳራሹ እንደ ወንዝ ሙላት ተነሳ። ከዚያ ማንሳቱ። በአንድ እጁ። ከእሱ ራስ በላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ፤ የሕዝቡን እጅ፣ የዳኞቹን ፊት፣ ኔሊ አርካድየቭና ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲነክሱት። ከታች ዛካር ይቃትታል፣ ደግሞም ይስቃል። አዎ፣ ይስቃል!

ነጥቡ ወጣ።

ዘጠኝ ለባዶ።

ዛካር ግራ እጁን ብቻ አውለበለበ፤ ቀኙ አልነሳም አለው። ኔሊ አርካድየቭና በበረዶው ላይ በተራ ጫማ ሮጠው መጡ፣ ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ ያዝናቸው። ሦስታችንም ተቃቅፈን ወደቅን። ሕዝቡ ለዚህም አጨበጨበ።

ስኔዣና ከዳር ጠበቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ዛሬስ ልክ ነው" አለችኝ።

"ብትበልጪኝም ልክ ይሆን ነበር" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ኔሊ አርካድየቭና ዛሬ ልምምድ ላይ አንዴም አልጮኹም። ያስፈራል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23። ከአገር ውጭ፣ ሆቴል

ነሐስ! የአውሮፓ ሦስተኛ። ዛካርና እኔ!

እየደጋገምኩ እጽፈዋለሁ፣ ማን ይከለክለኛል? የአውሮፓ ሦስተኛ። የአውሮፓ ሦስተኛ።

ባንዲራው ሲወጣ ዛካር እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አፍንጫህ ቀልቷል" አልኩት። ከደረጃው ሲወርድ "በቃኝ፣ ኪራ። እንዲህ ሆኖ ሲያበቃ ያምራል" አለኝ። ከእንግዲህ ልጆች ያሰለጥናል። እኔ ደግሞ ገና ነኝ። አዲስ አጣማሪ ራሴ እፈልጋለሁ፣ ማንም አይሰጠኝም።

ቫለንቲን ኦሲፖቪች አበባ ይዘው እየሮጡ መጡ። "ኪራ ማርኮቭና፣ እንኳን ደስ አለዎት!" አለዎት! ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዘወር ብዬ አየሁ።

"አመሰግናለሁ" አልኳቸው። "ሊዲያ ስቴፓኖቭናን ግን ለምን ከዳኝነት አገዷቸው? ያጠፉት እኮ አምስት ናቸው፤ የታገዱት የተናገሩት ብቻ።"

አበባውን እንደያዙ ቀሩ። ሁለት ጋዜጠኞች አጠገባችን ነበሩ፣ መጻፍ ጀመሩ። "በሚቀጥለው ስብሰባ... ይታያል" አሉ።

"እኔም እመጣለሁ ስብሰባው ላይ" አልኩ።

ዛካር ጆሮዬ ሥር "ይቺ ዝምተኛዋ ኪራ ናት?" አለ።

ከዚያ ለእናቴ ደወልኩ። ድምፅዋ ጎርንኗል።

"እማ፣ አየሽኝ? የማታ ተረኛ አልነበርሽም እንዴ?"

"ነበርኩ። ቴሌቪዥን መሸጫው ጋ ስደርስ መስኮቱ ላይ አንቺን አየሁ። ትራሙን አቆምኩት።"

"መሀል መንገድ ላይ?"

"የት ላቁመው ታዲያ? 'ልጄ ናት፣ የቸኮለ በእግሩ ይሂድ' አልኳቸው። ሁሉም ወርዶ ከእኔ ጋር በረዶ ላይ ቆመ። የሱቁ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ድምፁን ጨመረልን። አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን አለበሱኝ።"

"እማ፣ ይቀጡሻል!"

"ይቅጡኝ። ከኋላዬ ሦስት ትራም ተሰልፎ ነበር፣ ኪራ። አንዱም ደወል አልደወለም።"