ከኪስ የወጣው ኩባያ

ይድረስ ለልጄ ለቢሆነኝ፤

የቤተ ልሔሟ እመቤታችን በሄድህበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሟም ወልዳለች። አባትህ ትንሽ ይስላል፤ የአውድማው ብናኝ ነው።

ያ ነድፌ ሠራሁት ብለህ የላክኸው፣ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ኩባያ ደርሶናል። እዚያ ሰው ጠጥቶ የሚጥለውን ኩባያ ለማስቀረት ነው ብለሃል። እዚህ ኩባያ የሚጥል ማን አለ? አባትህ ግን "ልጄ የሠራው" እያለ ማኅበር ይዞት ሄደ። ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ እሱ ዘንድ ሲደርስ፣ ያንተን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋና "በዚህ ቅዱልኝ" አለ። ቄስ ይሁኔ "ጌታነህ፣ ተጸየፍኸን ወይስ አሞሃል?" አሉት። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳሉ ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ጽዋው እሱን ዘሎ ያልፋል። ለእሱ በኩባያህ ከሩቅ ያንቆረቁሩለታል፤ እጃቸው እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ። እሱም ሞኙ አጥቦ፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። እሰይ ልጄ! ለፈረንጅ ብልሃት ስትፈጥር አባትህን ከሰው ለየኸው።

አደራህን፣ ለቄስ ይሁኔ ደውልና በሽታ እንደሌለበት አስረዳቸው፤ የተማረ ሰው ይሰማሉ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ካንተ ምን እደብቃለሁ፤ እኔም ከጥምቀት ወዲህ የምጠጣበትን ጣሳ ከአባትህ እደብቃለሁ።

እናትህ ብርቱካን